በስለት የገባው ዲስክና የመምህሬ ድምፅ

ዘመን የማይቆጠርለትን፣ ጅማሬና ፍጻሜ የሌለውን አምላክ፣ አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን ጠርቼ እነሣለሁ። የምጽፈውም ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ሳለ የደብራችን ኮምፒውተር አልነሣም ብሎ ስለ ቆመበት ሰሞን ነው። ነገሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን በአንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰማሁትን ያህል ከንቱ ንግግር በዕድሜዬ ሙሉ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ አልሰማሁምና፣ ሳይረሳኝ በወረቀት ላስቀምጠው ወደድሁ።

ደብራችን ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከመንገዱ ትንሽ ከፍ ብሎ በወይራ መካከል የተተከለ ነው። እኔ በዚያ የድጓ መምህር ነኝ። ከእኔ አስቀድሞ ወንበሩን የያዙት፣ እኔንም ከፊደል ጀምረው ለዚህ ያበቁኝ መምህሬ፣ ዐይናቸው ከፈዘዘ በኋላ እንኳ ጾመ ድጓውን ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ያለ መጽሐፍ ያወርዱት ነበር። አወራረዳቸው የራሳቸው ነበር፤ ሌላው መምህር ዘሎ የሚያልፈውን እርሳቸው፣ ሰው ገደል አፋፍ ላይ የሚረግጥበትን እየመረጠ እንደሚወርድ፣ በቀስታ ያኖሩት ነበር። እኔ ከእርሳቸው የተማርሁትን አስተምራለሁ። ሆኖም ጉሮሮ የግል ስጦታ ነው፤ እርሳቸው ያኖሩት የነበረውን ሁሉ የእኔ ጉሮሮ አያኖረውም። ስለዚህ ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ ድምፃቸውን በስልኩ ቀረጸ፤ ከስልኩም ወደ ደብሩ ኮምፒውተር ገለበጠው። ስልኩ በወልድያ መናኸሪያ ተሰረቀ። መምህሬም ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ በምድር ላይ የቀረው በዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ጾሙ ሲቃረብ ተማሪዎቼን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አስገብቼ አሰማቸዋለሁ፤ ያልያዙትንም መልሼ አሰማቸዋለሁ።

ስለ ምን በሌላ ቦታ አልተገለበጠም የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ነው። ይህ ሰው በመርሳ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ እንጂ ከኃላፊነቱ አልወጣም፤ ካህናቱን ዛሬም በደወል እንደሚጠራቸው ጸሓፊዎች ያያቸዋል። የመምህሬን ድምፅ በፍላሽ ልውሰድ ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር የደብሩ ሀብት እንዳይበተን ብሎ ይከለክለኝ ነበር። በኮምፒውተሩ የሚጽፈው አንዲት ጣት እያነሣና እየጣለ፣ ፊደሉንም እንደ ጠፋ መርፌ እየፈለገ ነው። ያም ሆኖ ኮምፒውተርን ወደ ወሎ ሳይገባ ጀምሮ አውቀዋለሁ ይላል። ሳይገባ እንዴት እንዳወቀው የጠየቀው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ መልስ ይሰጠኛል ብዬ ፈርቼ።

በበጋው ወራት ኮምፒውተሩ ሞልቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም ማለት ጀመረ። የሞላው በመምህሬ ድምፅ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ በየስብሰባው ቆሞ ሲናገር የተነሣቸው ፎቶግራፎች፣ የልጁ ሠርግ ከነጭፈራው፣ የሌላው ልጁ ምርቃት ከነምሳው በሆዱ ውስጥ ተደርድረው ነበር። ከነዚህ ጥቂቱ ቢወገድ ምን ይመስልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ የኔታ፣ አንቱ የዘመኑን ነገር አያውቁትም፣ ይህ እኮ ታሪክ ነው ብሎ አሰናበተኝ።

በዚያው ወራት በሐራ ገበያ እህል የምትነግድ አንዲት ደግ ሴት ወደ እኔ መጣች። ልጇ ታሞ ተነሥቶላት ስለት አለባት፤ ለደብሩ ምን ይጎድለዋል ብላ ጠየቀችኝ። በልቧ ጥላ ልትገዛ አስባ ነበር። ዕቃ ቤታችን ግን በጥላ ተጨናንቋል፤ የስለት ምንጣፉም ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሊነካ ነው። ጥላው ይቅርብን፣ ለኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ የሚባል ማከማቻ ብታመጪልን የመምህራችንን ድምፅ በሁለት ቦታ እናኖረዋለን አልኋት። ዲስክ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አልገባትም። የመምህሩን ድምፅ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለችና ዐይኗ እንባ አቀረረ። ሳትውል ሳታድር ከደሴ አስመጣችው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሊቀ መንበሩ ሥራ ነው። ዲስኩ ከመዳፍ የማይበልጥ ነገር ነው። እርሱ ግን በትሪ ላይ አስቀምጦ፣ ቀይ ከፋይ አልብሶ፣ ጥላ አስይዞ በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል በሕዝቡ መካከል አዞረው። እልልታው ቀለጠ። ከከፋዩ ሥር ምን እንዳለ ከእልልተኞቹ መካከል የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዲት ባልቴት ሥዕለ ማርያም መስሏት ከነመቋሚያዋ ወድቃ ሰገደች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሊቀ መንበሩ በበኩሉ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ደብራችን በቴክኖሎጂ ከአጥቢያዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል ብሎ አወጀ። ከየትኞቹ አጥቢያዎች ጋር እንደተወዳደርን አልተናገረም።

በአገራችን ልማድ በስለት የገባ መጋረጃ ከፊት ይሰቀላል፤ የቀድሞው ተነሥቶ ከኋላ ይውላል፣ ወይም ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። ሰጪው መጥቶ ሲያየው ደስ እንዲለው ነው። ለመጋረጃ መልካም ልማድ ነው፤ የሚጎዳውም የለም። ሊቀ መንበሩ ይህን ልማድ ወደ ኮምፒውተር ሆድ አስገባው።

ዲስኩን እንዲገጥም ከወልድያ የተጠራው ጠጋኝ፣ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ፣ የተጠየቀውን ሁሉ "ችግር የለውም" ብሎ የሚመልስ ጐልማሳ ነበር። የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቶ አዲሱን ዲስክ ከታች ባለው ባዶ ስፍራ ሊያኖረው ሲል ሊቀ መንበሩ እጁን ያዘው። ስለት ከአሮጌ በታች አይውልም፣ ሰጪዋም እሑድ ትመጣለች፣ ስለዚህ ከላይ ይሁን፣ መጀመሪያውም እርሱ ይሁን አለው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። እርሱ ችግር የለውም አለ። አሮጌውን ዲስክ ከኖረበት አውጥቶ ወደ ታች አወረደው። በአሮጌው ላይ ተሰክተው የነበሩትን ገመዶች ነቅሎ ለአዲሱ ሰካለት። ለአሮጌው ከቦርሳው ያወጣውን አንድ ቀጭን ገመድ ሰጠውና ክዳኑን ገጠመ። እኔ ከማዕዘኑ ቆሜ ሁሉን አየሁ፤ ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ማብሪያውን ሲጫኑት ስክሪኑ ጠቆረ። በጥቁሩም ላይ አንድ መስመር ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን ከፍና ዝቅ እያደረገ ብዙ ከተመለከተው በኋላ፣ አዲሱን ዲስክ በመቀበል ላይ ነኝና ታገሡኝ ይላል ብሎ ተረጐመው። ታገሥነው። የጉባኤው አባላት ወንበር እየሳቡ በጥቁሩ ስክሪን ፊት እንደ ለቀስተኛ ተቀመጡ። አንዱም ትዕግሥት ስለሚያስገኘው ዋጋ ጥቂት ተናገረ። ጠጋኙ እንግሊዝኛውን ያነብ ይመስለኝ ነበር፤ እርሱም አብሮ ይታገሥ ነበር። ጽሑፉ በኋላ እንደተነገረኝ፣ የምነሣበት ዲስክ አላገኘሁም የሚል ነበር።

የምሽቱ ጥላ ከበሩ አልፎ ደጃፉን ሲሞላ ትዕግሥቱ አለቀ። ከዚያም ሕክምናው ተጀመረ። ጠጋኙ ማሽኑን አጠፋው፣ አበራው፤ ገመዱን ከግድግዳ ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ ክዳኑን ከፍቶ እንደ ምድጃ እፍ አለበት። ቀጥሎም ከውስጡ አንዲት ጠፍጣፋ ነገር መዝዞ በተማሪ ላጲስ ፈገፈጋት። ላጲሱ ለምን ነው ብዬ ብጠይቀው ቆሻሻ ያስለቅቃል አለኝ። ቆሻሻው የት አለ ስለው፣ በዐይን አይታይም አለ። በዐይን የማይታየውን እኛም እናስተምራለን፤ በላጲስ ግን አናስለቅቀውም።

በመጨረሻም ፍርዱን ሰጠ። አሮጌው ዲስክ በስክሪኑ ላይ ጭራሽ አይታይም፤ ስለዚህ ሞቷል። የገደለውም ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱንም ያመጡት ስልካቸውን የሰኩ ተማሪዎች ናቸው። በአዲሱ ዲስክ ላይ አዲስ ሲስተም ይጫናል፣ አሮጌው ይወጣል፣ እርሱም ለመለዋወጫ ይዞት ይሄዳል። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲሰማ ዘመዱ ከሞት የተረፈለት ሰው መሰለ፤ ጥፋቱ የተማሪዎች ሆነለታላ።

መምህሬን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ልቤ የደነገጠበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ድምፃቸው በዚያ ሰው ቦርሳ ውስጥ ከብሎንና ከላጲስ ጋር ሊሄድ ነው።

"ከዚህ ግቢ አይወጣም" አልሁ።

"የኔታ፣ የሞተ ነገር ምን ያደርግልናል?" አለ ሊቀ መንበሩ።

"የደብር ሀብት እንዳይበተን ስትል የኖርኸው አንተ ነህ። ቢሞትም የደብር ሬሳ ነው። ያለ ጉባኤ አይወጣም።"

በራሱ ቃል ተያዘ። ነገሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው እንዲወስንበት ሆነ፤ ጠጋኙም በዚያው ዕለት ተመልሶ እንዲመጣ ተቀጠረ። ጉባኤው ምን እንደሚወስን ግን አውቃለሁ። አባላቱ ሊቀ መንበሩ ሲያስነጥስ ይማርህ ለማለት እንኳ እጅ አውጥተው የሚመርጡ ሰዎች ናቸው።

በማግስቱ ወልድያ ሄድሁ። በሚኒባሱ ውስጥም እፎይ አላልሁም፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የሐዘኔን ምክንያት ጠይቆኝ ብነግረው፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ኮምፒውተሩን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው ብሎ መከረኝ። አመሰገንሁት። ከወልድያው ጠጋኝ ይልቅ የሚኒባስ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ቀለብና አበል አይጠይቅም።

በወልድያ በእኅቴ ልጅ ግቢ ተከራይታ የምትኖር፣ ከሌላ አገር የመጣች አንዲት የኮምፒውተር መምህርት አለች፤ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እውነት ለመናገር ከእርስዋም ብዙ አልጠበቅሁም። ማስቲካ ታኝካለች፤ ሰው ሲያናግራት ስልኳን ታያለች፤ የተናገረችው ሳያልቅ ሌላ ትጀምራለች። ነገሩን ስነግራት ግን ስልኳን አስቀመጠችና፣ "ከመቆሙ በፊት መጨረሻ ላይ የተደረገው ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ያን ሁሉ ወንበር ስቦ ከተቀመጠው ሰው መካከል አንዱ አልጠየቀውም ነበር። ጠጋኙ አልጠየቀውም፤ ኮምፒውተርን ሳይገባ ያወቀውም አልጠየቀውም። እኔም ስለ ስለቱ፣ ስለ ከፋዩ፣ ስለ ትሪው፣ አዲሱ ከላይ ስለመደረጉ፣ ገመዱ ከአሮጌው ተነቅሎ ለአዲሱ ስለመሰጠቱ ያየሁትን በተራ ነገርኋት። ሳቀች። ሳቋ ረዘመና ቅር አለኝ። ከዚያ፣ "አባቴ፣ እርስዎ ያዩት ልክ ከሆነ ዲስኩ አልሞተም ይሆናል። ነገ መጥቼ ልየው" አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ነበር፤ ማስቲካዋን ግን ከደጀ ሰላሙ ሳታልፍ እንድትተፋው ነገርኋት፤ ሳትከራከር ተፋችው። መምጣትዋን ማን እንደነገረው እንጃ፣ ሊቀ መንበሩ ጠጋኙን አስጠርቶ፣ ሁለት የጉባኤ አባላትም ጨምሮ ጽሕፈት ቤቱን ሞልቶ ጠበቀን። ሴት ልጅ ስትገባ ቢያይ ጊዜ ከንፈሩን ነከሰ።

"የኔታ፣ በባለሙያ የታየ ነገር ነው እኮ" አለኝ።

እርስዋ ወደ ማሽኑ ጐንበስ ብላ፣ "ለመጨረሻ ጊዜ ከሠራ በኋላ ምኑን ነካችሁት?" አለች።

"ምንም አልተነካም" አለ ሊቀ መንበሩ።

"ቫይረስ ነው" አለ ጠጋኙ።

"ቫይረሱ ነው ብሎኑን የፈታው?" አለችው፤ የክዳኑ ብሎን ግማሹ ጐድሎ ነበርና።

ጠጋኙ መነጽሩን አስተካከለ። እርስዋ ክዳኑን ከፍታ በስልኳ መብራት ውስጡን አየችው። ከዚያ እኔን ጠርታ አሳየችኝ። አንድ ዲስክ ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ አንዱ ነገር የሚያመላልስበት፣ ሁለተኛው ኃይል የሚያገኝበት። ለአሮጌው የተሰጠው የሚያመላልስበት ቀጭኑ ብቻ ነው። ኃይል የሚሰጠው ገመድ ለስለቱ ተነቅሎ ተወስዷል። ሌላ የኃይል ገመድ ደግሞ እዚያው በማሽኑ ጀርባ ከሌሎች ጋር ታስሮ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

"ሞቷል ያላችሁት መብራት ከልክላችሁት ነው" አለች፤ ፊቷንም ወደ ማንም አላዞረችም።

ያን ታስሮ የነበረውን ፈትታ ሰካችለት። ማብሪያውን ስትጫን ከውስጥ ቀጭን የመሽከርከር ድምፅ ተሰማ፤ ያ ድምፅ አሮጌው ዲስክ ሲነሣ የሚያሰማው መሆኑን አወቅሁ፤ በየዓመቱ ተማሪዎቼን አስቀምጬ የምሰማው እርሱ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያው ነጭ ጽሑፍ መልሶ ወጣ።

ሊቀ መንበሩ ደረቱን ነፋ። "እንግዲህ ሞቷል ስንል የሚሰማን የለም" አለ። ጠጋኙም ራሱን በትካዜ ነቀነቀ፤ ደስታውን ግን ከመነጽሩ ሥር አልደበቀውም።

እርስዋ አጠፋችው። መልሳ ስታበራው የፊደል ገበታውን አንድ ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች፤ ሰማያዊ ገጽ ወጣ። በገጹ ላይ ሁለቱም ዲስኮች አሉ፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ያን ጊዜ ነገሩን በቀላል ቃል አስረዳችኝ። ማሽኑ ሲነሣ ማንን እንደሚያስቀድም ይህን ተራ ያያል። ተራውን የያዘው አዲሱ ነው። አዲሱ ደግሞ ባዶ ነው፤ እንዴት ተነሥቶ ምን እንደሚል አያውቅም። የሚያውቀው አሮጌው ነው፤ እርሱም ከኋላ ተቀምጦ የሚጠይቀው አጥቷል።

ይህ ለእኔ እንግዳ ትምህርት አልነበረም። በማኅሌት ቀለሙን የሚያነሣው መሪው ነው፤ ሌላው ይቀበለዋል። ቀለም ያልተማረ ሰው ስለ ካባው ማማር በመሪው ስፍራ ቢያቆሙት የሚያነሣው ይጠፋዋል፤ ከኋላው የቆሙት ሊቃውንትም ድጓውን በሙሉ ቢያውቁት እንኳ የሚቀበሉት አጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቀራሉ። ባዶውን ካባ አልብሰው መሪ አድርገውት፣ ዝም ሲል ደግሞ ከኋላው ያለውን ሊቅ ሞቷል ብለው ሊቀብሩት ነበር።

"አሮጌውን ወደ ላይ ላድርገው?" አለች።

"ቆይ" አለ ሊቀ መንበሩ። "ስለት ነው። ሰጪዋ እሑድ ትመጣለች። በሕዝብ ፊት እልል የተባለበት ነገር ከአሮጌ በታች ሆነ ቢባል ምን እንላለን?"

በዚያች ሰዓት እንኳ እንዲህ አለ። መድኃኒቱ በፊቱ ተቀምጦ፣ ስለ ወንበር ያስብ ነበር። ሁለቱ አባላትም የሚሉትን ለማወቅ ፊቱን አዩ። መምህርቷ ጣቷን በቁልፉ ላይ አኑራ እኔን ጠበቀች።

"ስለቱ የተሰጠው ለእግዚአብሔር ነው" አልሁት። "ወንበር ይያዝልኝ ያለህ የለም። አንተ ለዚህች ሴት ስጦታ ክብር የሰጠህ መስሎህ ቀንበር ያላየውን ጥጃ ከመሪው በሬ ቦታ ጠመድኸው። ልጄ፣ አድርጊው።"

አደረገችው። ማሽኑ ጠፍቶ በራ። ጥቁሩ ስክሪን ጥቂት ቆየ። ከዚያ የለመድሁት ገጽ፣ የደብራችን ሥዕል ከነወይራው ተዘረጋ። የመምህሬ ድምፅ ያለበትን ስፍራ አሳየኋትና እርስዋ ከፈተችው።

በመጀመሪያ ሳል ተሰማ። ከዚያ የወንበር መንቋቋት። ከዚያ ተማሪው ቀለሙን ጀምሮ ሲቸኩል ይሰማል፤ መምህሬም ያቋርጡታል።

"አትሩጥ። የሚያባርርህ የለም። ከላይ መልሰው።"

ቀጥሎም ራሳቸው አወረዱት፤ ያን የእርሳቸውን ቀስ ያለ አወራረድ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። መምህርቷ ድምፁን ከፍ ልታደርገው እጇን ብትዘረጋም መለሰችው፤ ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ሰማነው።

ጠጋኙ ቦርሳውን ሲይዝ፣ እኔም ተራውን ልመለከተው አስቤ ነበር አለ። ከወልድያ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ያሰበውን ሳያደርግ መመለሱ ያሳዝናል። ሊቀ መንበሩም፣ እኔ ከመጀመሪያው የገመድ ጉዳይ ነው ስል ነበር አለ፤ ሁለቱ አባላት አዎን ብለው መሰከሩለት። ሐሰተኛ ምስክር በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በዓርብ ቀን፣ በጾም አፍ። ምንም አልመለስሁላቸውም። ለአንዳንድ ንግግር መልስ መስጠት ንግግር ነው ብሎ እንደ መቀበል ይሆናል።

ያን ዕለት ሳትሄድ መምህርቷ ድምፁን ወደ አዲሱ ዲስክ ገለበጠችልኝ። ስለቱም በታችኛው ስፍራ ሆኖ የተሰጠበትን ሥራ ሠራ። ከዚያ ፍላሽዋን አውጥታ፣ "ለተማሪዎችዎስ?" አለችኝ። ተማሪዎቼ ከጎጇቸው ተጠርተው መጡ፤ ፍላሽ ያለው በፍላሽ፣ ስልክ ያለው በስልኩ ወሰደ። ለሊቀ መንበሩ አልነገርሁትም፤ በዚያ ሰዓት ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ አዲሱ ዲስክ በተገቢው ቦታ ተተክሎ የደብሩን ቅርስ ከጥፋት አዳነ ብሎ አበሠረ። እልል ተባለ። የሐራዋ ሴትም መጥታ ነበር። ሊቀ መንበሩ ኮምፒውተሩን ቀዩን ከፋይ አልብሶ አሳያት፤ እርስዋ ግን ከፋዩን አላየችውም፤ ወደ እኔ ቀርባ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

"የኔታ፣ ከአሮጌው በታች ነው የተቀመጠው አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኋት።

"ሥራውን ይሠራል?"

"ይሠራል። የመምህሩን ድምፅ ይዟል።"

"እንግዲያው በያዘበት ይቀመጥ፤ እኔ ለመታየት አይደለም የተሳልሁት" አለች። ከዚያም ልታሰሙኝ ትችላላችሁ ወይ አለች። አሰማናት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

ሊቀ መንበሩ ግን በጉባኤው መጨረሻ አንድ ነገር አነሣ፤ ከእንግዲህ ማንም ከኮምፒውተሩ ነገር እንዳይገለብጥ፣ ሀብቱ እንዳይበተን በውሳኔ ይያዝ አለ። እጆች ወጡ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ሀብቱ ከዓርብ ጀምሮ መበተኑን ነገርኋቸው። ከመርሳ እስከ ሐራ፣ ከሐራም አልፎ ተማሪዎቼ በየአገራቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሊሰበስበው የሚሻ ቢኖር ከእያንዳንዱ ስልክ እየለመነ ይሰብስበው አልሁ። የወጡት እጆች ለመውረድ ተቸገሩ። ሊቀ መንበሩ ቃለ ጉባኤውን ዘጋ።

ዘወረደ ደረሰ። በዚያ ዓመት ተማሪዎቼን ወደ ጠባቧ ጽሕፈት ቤት ማስገባት አላስፈለገኝም። ከወይራው ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ ስልኩን በድንጋይ ላይ አቁሞት፣ መምህሬ ሲያወርዱት ሰሙ፤ ሲቸኩሉም ከድንጋዩ ላይ ያ ቃል ይመልሳቸዋል፤ አትሩጥ፣ የሚያባርርህ የለም። ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሊቀ መንበሩ በአንዲት ጣቱ ፊደል ሲፈልግ ይታየኛል። ማሽኑ ዳግመኛ አልነሣም ቢል ከእንግዲህ እንቅልፍ አያሳጣኝም፤ እርሱ ይታገሠው።

ይህን ያነበብህ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እኅቴ፣ የሽማግሌን ምሬት ስለታገሣችሁልኝ አምላከ ቅዱሳን ዋጋችሁን አያስቀርባችሁ። የአባቶቻችሁ ድምፅ ከጆሯችሁ፣ የልጆቻችሁም ድምፅ ከደጃፋችሁ አይራቅ። ቤታችሁን ከሚያውከው ይጠብቅላችሁ፤ መሶባችሁን አያጉድል፤ የሚያውቀውን ከፊት፣ የሚማረውን ከኋላ የሚያኖር ልብ ለእናንተም ለቤተ ሰባችሁም ያድል። ለዘለዓለሙ አሜን።